ከሸማ ተራ እስከ ልጥ ማረፊያ

በመርካቶ ሸማ ተራ፥ ገና በልጅነቴ የማውቃቸው አንድ ሽማግሌ ክር ሻጭ፥ «ሐር ነው» ተብሎ የመጣላቸውን ጥቅል ሲቀበሉ፥ የአምጪውን መሐላ ሳይሰሙ፥ በጥቅሉም ላይ የተለጠፈውን የባሕር ማዶ ጽሕፈት ሳይመለከቱ፥ ከክሩ ጫፍ ግማሽ ስንዝር ያህል ቈርጠው በክብሪት ይለኩሱት ነበር። ክሩ ቀልጦ እንደ ላስቲክ የተንጠባጠበ እንደ ሆነ፥ አንዳች ቃል ሳይናገሩ ጥቅሉን ወደ ባለቤቱ ይገፉታል፤ እንደ ተቃጠለ ጠጕር ሸትቶ፥ በጣት ሲታሽ የሚደቅቅ ዐመድ የሆነ እንደ ሆነ ግን፥ ዐመዱን በአውራ ጣታቸውና በሌባ ጣታቸው መካከል ይዘው ወደ አፍንጫዬ እያስጠጉ፥ «አሽትተው፥ ልጄ፤ ይኽ ነፍስ ከነበረው ፍጥረት የወጣ ነው» ይሉኛል። ያ ፍጥረት ምን እንደ ሆነ እርሳቸው አላስረዱኝም፥ እኔም አልጠየቅሁም፤ ለማተብ የታዘዝሁትን ሰማያዊ ሐር አስለክቼ፥ ገንዘቡን ቈጥሬ ከፍዬ ወደ ቤቴ መመለስ ብቻ ነበር ሥራዬ።

ያ ሽታ እንደ ገና ትዝ ያለኝ ከብዙ ዘመን በኋላ፥ ከመርካቶም እጅግ ርቄ፥ በስዊስ አገር ከሞንትሮ ከተማ በላይ በሚገኘው ሮሼ ደ ኔ በተባለው ተራራ ላይ ነው። ወሩ ሐምሌ ነበር። እዚህ ላይ አንባቢ አንድ ነገር እንዲያስተውልልኝ እለምናለሁ፤ የእነርሱ በጋ የእኛ ክረምት ነውና፥ በአገራችን ደመናው ከእንጦጦ ራስ እስከ ተክለ ሃይማኖት ወርዶ፥ ጭቃው የመርካቶን ተሸካሚ እስከ ቍርጭምጭሚቱ በሚይዝበት በዚያው ሳምንት፥ የአልፕስ መስክ አበባ ለብሶ፥ በአበባውም ላይ ልብስ ሰፊ ከመቀሱ ሥር የበተነውን የቀለም ቅዳጅ ነፋስ ያነሣው ይመስል፥ ቢራቢሮው ከዚህ ወደዚያ ይላል። ያስተናገዱኝ እመቤት፥ ጡረታ የወጡ መምህርት፥ «ከፍታው አያስጨንቅዎትም ወይ?» ብለው ሲጠይቁኝ፥ የተራራው ራስ 2,042 ሜትር መሆኑን ከምልክቱ ላይ አንብቤ ሳቄን መቈጣጠር አቃተኝ፤ ሰው የበርበሬ ኬሻ ተሸክሞ እየሮጠ «ዞር በል!» የሚልበት መርካቶ ወደ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ነውና።

እመቤቲቱ መረብም መርፌም አልያዙም፤ ሥራቸው ማየት ብቻ ነበር። አንዲቱ ቢራቢሮ ባረፈች ቍጥር፥ ለስግደት እንደ ወደቀ ሰው በጕልበታቸው ተንበርክከው፥ ትንፋሻቸውን ውጠው፥ ክንፏን እስክትከፍት ይጠብቃሉ፤ በከፈተችም ጊዜ ስሟን በሹክሹክታ ይጠራሉ። በነጭ ክንፏ ላይ የደም ጠብታ የመሰለ ቀይ ክብ ያለባትን «አፖሎ» አሏት፤ በኮሸሽላ አበባ ላይ ያረፈችውን፥ መልኳ ሸክላ የመሰለውን፥ የክንፏም ጫፍ ጥቍር ሆኖ ነጭ ነጥብ የተረጨበትን፥ በቋንቋቸው «ቆንጆዪቱ እመቤት» አሏት። ከተራራው ግርጌ በአንድ ሆቴል ከ1961 ጀምሮ እስከ ሞተበት እስከ 1977 የኖረው ሩሲያ የተወለደ ደራሲ ቭላዲሚር ናቦኮቭ የእነዚህ ፍጥረታት መርማሪ እንደ ነበረም አጫወቱኝ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።) ከዚያም ዞር ብለው፥ «በእርስዎ አገር ተራሮች ላይ የሚበሩትስ ምን ምን ይባላሉ?» ሲሉ ጠየቁኝ።

«ቢራቢሮ» አልሁ።

እርሳቸውም የቀረውን ዝርዝር እስክቀጥል ድረስ በትሕትና ጠበቁ፤ እኔ ግን የምጨምረው አልነበረኝም።

ቋንቋችን በዚህ ወገን ድኻ ነው ብል ውሸት ይሆንብኛል። በሣጥን የተቀመጠውን ሸማ የሚበላውን ብል፥ በመብራት ዙሪያ ዞሮ ዞሮ የሚቃጠለውን የእሳት ራት፥ የነካውን ቆዳ የሚያሳክከውን አባ ጨጓሬ፥ የገበሬውን ማሳ የሚያራቍተውን ተምች፥ ነገሥታትንና ካህናትን የሚያለብሰውን የሐር ትል፥ እያንዳንዱን ለይተን በስሙ እንጠራዋለን፤ የሥነ ፍጥረት ሊቃውንትም እነዚህን ሁሉ ከቢራቢሮ ጋር በአንድ ነገድ ይቈጥሯቸዋል። የእሳት ራት የሚለውን ስም ያወጣው ሰው ባለቅኔ ነበር ብዬ አምናለሁ። ነገር ግን ስም ያገኙት ሁሉ ወይ ሣጥናችንን፥ ወይ ጐተራችንን፥ ወይ ገላችንን የነኩ ናቸው፤ ምንም ሳይነኩን የሚበሩት ብቻ፥ ስንት ዓይነት ቢሆኑ፥ ስንት ኅብር ቢለብሱ፥ ለእኔ ሁሉም በአንድ ስም ቢራቢሮ ሆነው ቀርተዋል። የመርካቶ ልጅ ነኝና አልደነቅም፤ በእኛ ዘንድ ዋጋ የሌለው ነገር ስም የማግኘት ዕድሉ ጠባብ ነው።

የሐሩ ንግድ በአገራችን ምን ያህል ዘመን እንደ ቈየ ያወቅሁት ከዚያ ጕዞ ከተመለስሁ በኋላ ነው። በ531 ገደማ የቍስጥንጥንያው ንጉሥ ዮስጢንያኖስ ወደ ዐፄ ካሌብ መልእክተኛ ልኮ፥ የአክሱም ሰዎች ሐርን ከህንድ ነጋዴዎች እየገዙ ለሮማውያን ቢሸጡ፥ እነርሱ ብዙ ገንዘብ እንደሚያተርፉ፥ ሮማውያንም ገንዘባቸውን ለጠላቶቻቸው ለፋርሶች ከመገበር እንደሚድኑ አስታውቆት እንደ ነበር፥ የዚያ ዘመን ታሪክ ጸሐፊ ፕሮኮፒዮስ ጽፏል። ነገሩ ሳይሆን ቀረ፤ የህንድ መርከቦች ወደሚያርፉባቸው ወደቦች ጐረቤት የሆኑት ፋርሶች ቀድመው እየደረሱ ጭነቱን በሙሉ ስለሚገዙት፥ ለአክሱም ነጋዴ የሚተርፍለት አልነበረም። ይህን ባነበብሁ ጊዜ፥ ኮንቴይነሩ ሳይከፈት ዕቃውን ጠቅልሎ የሚወስደው ጅምላ ነጋዴ ትዝ ብሎኝ፥ የመርካቶ ጥበብ ስንት መቶ ዓመት እንዳስቈጠረ ተገነዘብሁ። ከሃያ ዓመት በኋላም መነኮሳት የሐሩን ትል ዕንቍላል ደብቀው ወደ ቍስጥንጥንያ ስላገቡ፥ ዮስጢንያኖስ ካሌብንም ፋርስንም መለመን ቀረለት።

ሐር ግን ወደ አገራችን መግባቱን አላቋረጠም። ክርስትና የተነሣው ሕፃን በአንገቱ ለሚያስረው ማተብ፥ ለመቅደሱ መጋረጃ፥ ለብራና መጻሕፍት ገበታ የውስጥ ልባስ፥ ለጳጳሱና ለመኳንንቱ ካባ፥ ሁሉም በባሕር በር የመጣ ሐር ነበር። የጐንደር ዘመን ሸማኔዎች ከባዕድ አገር በመጣ ሐር ከአምስት ሜትር የሚበልጥ ቁመት ያለው፥ የሰው ምስል በራሱ በሽመናው ውስጥ የተሣለበት መጋረጃ ሠርተው ነበርና፥ በ1868 ከመቅደላ የተወሰደው አንዱ ዛሬ በለንደን በብሪታንያ ቤተ መዘክር ይገኛል። በዘመናችን በመልካሳ የግብርና ምርምር ማዕከል የጉሎ ቅጠል የሚበላውን የሐር ትል ማርባት ተጀምሯል፤ በሸማ ተራ ሐር እየተባለ የሚሸጠው ግን አብዛኛው በእሳት ሲፈተን የሚቀልጠው ነው።

ሽማግሌው ያላስረዱኝም ነገር ይኸው ነበር። ትሉ ቅጠል በልቶ ከደለበ በኋላ፥ ክንፍ አብቅሎ እስኪወጣ ድረስ የሚጠለልበትን ቤት ከአፉ በሚያወጣው ክር በራሱ ዙሪያ ይፈትላል፤ ያ አንድ ክር ሳይቋረጥ በብዙ መቶ ሜትር ይለካል። ፍጥረቱ ክንፍ አውጥቶ ቤቱን ከቀደደው ክሩ ስለሚበላሽ፥ አርቢው ቀድሞ በፈላ ውኃ ወይም በእንፋሎት ይገድለዋል። እንግዲህ እኔ በልጅነቴ እያስለካሁ ወደ ቤት የወሰድሁት እያንዳንዱ ክንድ ሐር፥ ሳትወጣ የቀረች ቢራቢሮ ቤት ነበረ።

ለክሩ እኛ ዋጋ ስናወጣ፥ ክንፉን ሊያዩ የመጡት እንግዶች ነበሩ፤ ለእነርሱ የባሕር ማዶ ተራራ የእኛ ተራራ ነው። የፍራንክፈርቱ ኤድዋርድ ሩፔል ከ1831 ጀምሮ በምጽዋ በኩል ገብቶ፥ ስሜንን አቋርጦ ጐንደር ደርሶ፥ አራዊትንና አዕዋፍን እንዲሁም የብራና መጻሕፍትን ሰብስቦ ሄደ፤ ስለ እርሱ ብዙ አልልም። ከእርሱ ይልቅ ልቤን የሚነኩት በ1839 ከባሕር ኃይሉ መኮንን ከቴዎፊል ለፌቭር ጋር የመጡት ሁለቱ ፈረንሳውያን ሐኪሞች፥ ካርቴን ዲዮንና አንቷን ፐቲ ናቸው። ሁለቱም አገራቸውን ዳግመኛ አላዩም፤ የመጀመሪያው በ1840 በመረብ ቈላ በንዳድ ሞተ፥ ሁለተኛውን በ1843 ዐባይን ሲሻገር አዞ ወሰደው። የሰበሰቧቸው ነፍሳት ግን ፓሪስ ደርሰው ነበርና፥ ጌሬን ሜንቪል የተባለው ሊቅ በ1849 ከእነዚያ መካከል አንዲቱን ነጭ ቢራቢሮ በማኅተም ሲገልጥ፥ የአውሮፓን የጐመን ቢራቢሮ ስለምትመስል «የጐመኗን መሳይ» የሚል የላቲን ስም አወጣላት። ይህች የደጋችን ነጭ ቢራቢሮ ናት፤ ስሟ እንኳ በራሷ መልክ ሳይሆን በባዕድ እኅቷ መልክ የተጠራ መሆኑ ያሳዝነኛል፤ ሁለት ሰዎች ሕይወታቸውን የከፈሉባትን ሥራ ግን ማቃለል አይቻለኝም።

ከሁሉ ይልቅ የሚደንቀው የልጥ ማረፊያ ታሪክ ነው። ማርኬዝ ኦራትስዮ አንቲኖሪ፥ የኢጣሊያ የመልክዐ ምድር ማኅበር ከመሠረቱት አንዱ፥ በ1876 ዕድሜው ስድሳ አምስት ዓመት ገደማ ሲሆን ወደ ሸዋ ወጣ፤ ያን ጊዜ ንጉሠ ሸዋ የነበሩት ምኒልክም ከአንኮበር ብዙ የማይርቀውን ልጥ ማረፊያን ለመኖሪያውና ለምርምሩ ሰጡት። ይህ ሽማግሌ ከጽድና ከዝግባ ሥር ቤት ሠርቶ፥ ወፍና ነፍሳት እየሰበሰበ ወደ ጄኖቫ ቤተ መዘክር ሲልክ ኖሮ፥ በነሐሴ 1882 ያው በዚያው ልጥ ማረፊያ ዐርፎ ተቀበረ። እኔ እንግዳ ሁሉ ለጥናት ብቻ መጣ ብዬ የማምን የዋህ አይደለሁም፤ የማኅበሩ ሳይንስና የመንግሥቱ ፖለቲካ በአንድ መንገድ ይጓዙ እንደ ነበር፥ ዐድዋ ላይ የሆነውን የሚያውቅ ሁሉ ያውቀዋል። ነገር ግን በሰባ ዓመቱ በሰው አገር ጭጋግ ውስጥ ቢራቢሮ የሚያሳድድ ሰው፥ ከሎሌዎቹም ሆነ ከአንኮበር ገበያተኞች ምን ያህል ሣቅ እንዳተረፈ ሳስብ፥ በመጠኑ እወደዋለሁ።

በሞተ በዓመቱ፥ በ1883፥ በፈረንሳይ በሬን ከተማ የሚኖረው ሻርል ኦበርቲር ከሸዋ የመጣችውን አንዲት ቢራቢሮ በአንቲኖሪ ስም ሰየማት። ይህችን ጠጋ ብለን እንያት። ወንዱ ክንፉ ነጣ ያለ ቢጫ ነው፤ ዙሪያው ጥቍር ጥለት ያለው ሸማ ይመስላል፤ ከኋላ ክንፎቹ የጭራ ያህል የረዘሙ ሁለት ዘርፎች ይወጣሉ። ወገኗ በአፍሪቃ ሰፊ ክፍል ይገኛል፤ በአብዛኛው አገር ግን ሴቷ ጭራ የላትም፥ መልኳም ከወንዱ ጋር ፈጽሞ አይገናኝም፤ በየአገሩ ወፍ ስለ መራራነታቸው የማይበላቸውን የሌሎች ቢራቢሮዎች ኅብር እየለበሰች፥ ብዙ መልክ ሆና ትኖራለች። ስለዚህ ሊቃውንቱ ወንዱንና ሴቶቹን ለየብቻ ነገድ አድርገው ሲቈጥሩ ቈይተው፥ በደቡብ አፍሪቃ ይኖር የነበረው ሮላንድ ትራይመን በ1869 ሁሉም ባልና ሚስት መሆናቸውን ገለጠ። የኢትዮጵያዪቱ ሴት ግን ብዙውን ጊዜ ባሏን ትመስላለች፤ ያው ቢጫ፥ ያው ጥለት፥ ያው ጭራ፤ የመራሮችን ልብስ የተዋሰችው እንኳ ጭራዋን አልጣለችም። ብዙዎቹ መርማሪዎችም የጥንቱን መልክ ጠብቃ የቈየች አድርገው ቈጠሯት። በተዋሰችው ቀሚስ ላይ የእናቷን ዘርፍ ያልተወች ሴት ወይዘሮ፥ ከአንኮበር ወጥታ እስከ ዛሬ በሊቃውንት ጉባኤ መነጋገሪያ ሆና ኖራለች፤ የአንኮበር ሰው ግን በየዓመቱ በዐጸዱ ሲያያት «ቢራቢሮ» ይላታል።

ከዚያ በኋላ የመጡት ብዙ ናቸው። ኦስካር ኖይማን እስከ 1901 ድረስ በደቡቡ የአገራችን ክፍል ተዘዋውሮ የሰበሰበውን፥ በእንግሊዝ አገር በትሪንግ ቤተ መዘክር የነበሩት ዋልተር ሮትሺልድና ካርል ዮርዳን በ1903 አሳተሙት። እንግሊዛዊው ሂዩ ስኮት በ1926 እና በ1927 በአዲስ አበባ ዙሪያ ባሉ ተራሮችና ደኖች ነፍሳት ሲሰበስብ፥ በጥቅምት ወር ዝቋላ ላይ ሰንብቷል፤ አንበሳና ነብር ከቅዱሱ እግር ሥር ተኝተው በሚሣሉበት በአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ገዳም አጠገብ፥ ትንኝንና ጥንዚዛን በመርፌ የሚወጋ ፈረንጅ ሲያዩ መነኮሳቱ ምን ብለው ይሆን?

አንዱን ነገር ግን ለመርካቶ ሰው ሳልነግረው ማለፍ አልችልም። የአዲስ አበባ ገበያ ቀድሞ በአራዳ፥ በጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ነበር፤ የዐፄ ምኒልክም ሐውልት በዚያው ቆሞ ነበር። ጣሊያኖች በገቡ ጊዜ በ1936 ሐውልቱን በሌሊት አውርደው ቀበሩት፤ ገበያውንም ከአራዳ አንሥተው፥ «የአገሬው ገበያ» ብለው ወደ ምዕራብ አዛወሩት፤ የዛሬው መርካቶ ስሙንም ቦታውንም ያገኘው ከዚያ ነው። እነሆ ሐውልቱ ገና ሳይመለስ፥ በ1940፥ ቤልጂጋዊው በርገር በኢትዮጵያ ደጋ በማገት መስክ ላይ የሚበረውን፥ ወርቅማ ብርቱካን ክንፉ በጥቍር የተዘመዘመውን ቢራቢሮ «መኔሊኪ» ብሎ በሳይንስ መዝገብ አስገባው። የንጉሡ ስም ከአደባባዩ በተነሣበት ዘመን በቢራቢሮ ክንፍ ላይ ተጻፈ። ሐውልቱ ከነጻነት በኋላ ወደ ስፍራው ተመለሰ፤ ገበያው ግን አልተመለሰም።

ስዊስ አገር በኮሸሽላው ላይ ያየኋት «ቆንጆዪቱ እመቤት» ነገር ደግሞ ከሁሉ በኋላ ደረሰኝ። አውሮፓውያን ይህች ቢራቢሮ በጋው ሲያልቅ ወዴት እንደምትገባ ለረጅም ዘመን ሲጠይቁ ኖረዋል። በ2014 የመፀው ወራት ጄራርድ ታላቬራና ሮጀር ቪላ የተባሉ የእስፓኝ መርማሪዎች በሴኔጋል፥ በቤኒን፥ በቻድና በኢትዮጵያ ፍለጋ አድርገው፥ ከአውሮፓ ተነሥታ ሰሐራን ተሻግራ ከበረሓው በስተ ደቡብ እንደምትደርስና በዚያም እንደምትዋለድ አስረዱ። እንግዲህ እመቤቲቱ ተንበርክከው ስሟን በሹክሹክታ የጠሩላት፥ እኔም እንደ ባዕድ ያየኋት፥ ከዘመዶቿ መካከል ክረምታችን አልፎ አደይ ሲፈነዳ ወደ እኛ የሚመጡ አሉ ማለት ነው። በዚያ ቀን ይህን ባውቅ ኖሮ፥ ለተጠየቅሁት አንድ መልስ ባገኘሁ ነበር።

ባለፈው ጳጉሜን መርካቶ ወርጄ፥ አደይ አበባ ከምትሸጥ ልጅ አንድ እስር ገዛሁ። ልጅቱ እስሩን ለሁለት ልትከፍልልኝ የታሰረበትን ሣር ስትፈታው፥ ከአበባው መካከል ከጥፍር የማትበልጥ ቢጫ ቢራቢሮ ወጣች፤ ክንፏ በጤዛ ተጣብቆ ነበርና በልጅቱ አውራ ጣት ላይ ቆማ ሁለት ሦስት ጊዜ አርገፈገፈችው፥ ከዚያም በኬሻው ክምር ላይ አልፋ ወደ ቈርቈሮው ጣራ ወጣች። «ይህች ማን ትባላለች?» አልኋት። «ቢራቢሮ ናታ፥ ጋሼ!» አለችኝ፥ እንደ ሞኝ እያየችኝ።

አንባቢ ሆይ፥ በመስከረም ወደ አንኮበር፥ ወደ ስሜን፥ ወይም ወደ ቅርቡ እንጦጦ የወጣህ እንደ ሆነ፥ መረብ አትያዝ፤ እርሳስና ደብተር ይበቃሃል። ያየኸውን ክንፍ ኅብሩንና ያረፈበትን አበባ ጻፍ፤ በዚያም አገር ያሉትን እረኞችና ባልቴቶች ስሙን ጠይቅ፤ ከቢራቢሮ ሌላ ስም የሰማህ እንደ ሆነ፥ የነገረህን ሰው አገር ጨምረህ በመጽሔት አውጣልን።